ትንሿን ኤርብረሽ ከጋራዡ ትልቅ ኮምፕሬሰር ጋር ማገናኘት፦ ይሆናል ወይስ ይፈነዳል?

ሄልሜት_ቀቢ | ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ኤርብረሽ፣ ማለትም በአየር ቀለም የምትረጭ ትንሽ የሥዕል መሣሪያ፣ አምጥታልኛለች። ባለ ሁለት ተግባር ነው፤ ማለትም ማስፈንጠሪያውን ወደ ታች ስትጫነው አየር፣ ወደ ኋላ ስትስበው ቀለም ይወጣል። አፉ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ሄልሜት፣ የሞተር ታንከርና ባጃጅ ላይ ሥዕል መሥራት እፈልጋለሁ። የኤርብረሽ ትንሿ ኮምፕሬሰር ግን ዋጋዋ አልተቻለም።

የምሠራው አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ 300 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ኮምፕሬሰር አለ። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 8 ባር ላይ ሲደርስ ራሱ ይጠፋል። የኤርብረሹ ወረቀት ደግሞ ከ1 እስከ 2 ባር ይላል። ልጆቹ በሙሉ «እጅህ ላይ ይፈነዳል» እያሉ ያስፈራሩኛል። እውነት ነው? መሀል ላይ ምን ልግዛ? የቱቦው ጥርስም ከጋራዡ ፊቲንግ ጋር አልገጥም ብሏል።

ሰፈር_መካኒክ | ሰኞ፣ ማታ 2፡31

ወንድሜ 8 ባር እኮ ለቤት መኪና ጎማ እንኳ ብዙ ነው። ተው ይቅርብህ። ትንሽ ታገስና ትንሿን ግዛ።

ስቱኮ_በእጄ | ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ሰፈር_መካኒክ፣ ልጁን አታስፈራራው። እኔ ቀለም ቤት ከገባሁ ሀያ ዓመት አልፎኛል። ኤርብረሼንም የማሠራው ከትልቁ ኮምፕሬሰር ነው። እንዲያውም ከትንሿ ይሻላል። ትንሿ ታንከር ስለሌላት ወይም ታንከሯ የጀበና ያህል ስለሆነ አየሯ ይርገበገባል። ሲሞቃት ደግሞ ታቆማለች። ትልቁ ግን የተረጋጋ ነው።

ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ 2,000 ሊትር ስለያዘ የቡና ስኒህን አይሰብረውም። ቧንቧውን ቀስ አድርገህ ትከፍታለህ፣ በቃ። እዚህም ቧንቧህ ሬጉሌተሩ ነው፤ የአየሩን ግፊት የሚቀንስልህ ማለት ነው።

አሁን እንዴት እንደምትዘረጋው ልንገርህ። ከታንከሩ መውጫ ላይ መጀመሪያ መዝጊያ አድርግ። ቀጥሎ ትልቁ ሬጉሌተር ይመጣል። ጋራዣችሁ ውስጥ ይኖራል፤ እሱን ወደ 4 ባር አውርደው። ከዚያ ቢያንስ 10 ሜትር የሚሆን ቱቦ ወደ ሥራ ጠረጴዛህ ይሂድ። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ የውሃ ማጣሪያ፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሁለተኛ ትንሽ ሬጉሌተር ታስራለህ። የኤርብረሹ ቀጭን ቱቦ የሚነሳው ከዚህ ነው።

«ሁለት ሬጉሌተር ለምን?» ትለኝ ይሆናል። የትልቁ ጌጅ ከ0 እስከ 10 ወይም 12 ባር የሚያነብ ነው። እዚያ ላይ 1 ባርና 1 ባር ተኩል የፀጉር ያህል ነው የሚራራቁት። እጀታውን ትንሽ ነካ ስታደርገው ዘሎ ያልፋል። ሌላም አለ። ታንከሩ እየወረደ ሄዶ ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ግፊቱ ይዋዥቃል። አንደኛው ሬጉሌተር ያንን መዋዠቅ ይቀበልልሃል፣ ሁለተኛው ደግሞ ያለሰልሰዋል። ለጠረጴዛው ጌጁ እስከ 4 ባር ብቻ የሚያነብ ፈልግ። ጥቃቅኗ ልዩነት በደንብ የምትታይህ እሱ ላይ ነው።

ማጣሪያውን ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ብቻ አታድርግ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከኮምፕሬሰር የሚወጣ አየር ትኩስ ነው። ትኩስ አየር ውሃውን በእንፋሎት መልክ ይዞት ያልፋል፤ ማጣሪያው ደግሞ እንፋሎት አይዝም። አየሩ ቱቦው ውስጥ ሲበርድ ነው ጠብ ጠብ የሚለው። የምትይዘውም ከዚያ በኋላ ነው።

ሄልሜት_ቀቢ | ሰኞ፣ ማታ 3፡20

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! በጣም ግልጽ ነው የነገሩኝ።

እውነቱን ልናገርና… ቅዳሜ ሞክሬው ነበር። ሬጉሌተሩን 2 ባር ላይ አድርጌ፣ ቱቦውን በፋሸታ አስሬ። አልፈነዳም። ግን ሥራው ተበላሸብኝ። አንድ አምስት ደቂቃ በሰላም ሄደና የውሃ ነጠብጣብ ተፋ። ከዚያ ሌላ ጉድ መጣ። ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ይከፈታል። ቀለሙ መሀሉን ጥሎ ይሸሻል። ደግሜ ብቀባውም ያው ነው። ሄልሜቱን በብርጭቆ ወረቀት ልጬ ከዜሮ ጀመርኩ።

ስቱኮ_በእጄ | ሰኞ፣ ማታ 3፡28

እሱ ውሃ አይደለም። ዘይት ነው። እኛ የዓሣ ዓይን እንለዋለን።

ጥያቄ ልጠይቅህ፦ የትኛውን ቱቦ ነው የተጠቀምከው? የጎማ ቡሎን መፍቻው የሚሰካበትን ነው?

ሄልሜት_ቀቢ | ሰኞ፣ ማታ 3፡31

አዎ ጋሼ። ያለን ረጅም ቱቦ እሱ ብቻ ነው።

ስቱኮ_በእጄ | ሰኞ፣ ማታ 3፡52

ተገኘ። ግድግዳው ላይ ከማጣሪያው ቀጥሎ ዘይት ያለባት ትንሽ ብርጭቆ መሳይ ኩባያ የለችም? እሷ ለቡሎን መፍቻው ተብላ አየሩ ውስጥ ዘይት ታንጠባጥባለች። መፍቻው ዘይት ይወዳል፣ ካላገኘ ይነክሳል። ቀለም ግን ዘይት ካየ ይሸሻል። ያ ቱቦ ለዓመታት ውስጡ በዘይት ተለውሷል። ብታጥበውም አይለቅም። በቲነር ልጠበው ብለህ ደግሞ እንዳትሞክር፤ ጎማውን በልቶት ሌላ ቆሻሻ ያመጣብሃል።

ከኩባያዋ በፊት ቲ፣ ማለትም ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ፣ አስገባ። ከዚያ ላይ ለራስህ አዲስ ቱቦ አውጣ። ከቀለም በቀር ለምንም አይዋል። ጫፉ ላይ ቀይ ቴፕ ጠምጥምበትና ለልጆቹ «ይህን የነካ ወየውለት» በላቸው። እኔ ቤት አንዱ ተለማማጅ በቀለም ቱቦዬ ቡሎን ፈታበት። አንድ የመኪና ኮፈን ሙሉ በሙሉ አስልጦኛል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቆልፌበት ነው የምሄደው።

ኮምፕሬሰራችሁ ራሱም ባለ ዘይት ስለሆነ ትንሽ ዘይት ማምለጡ አይቀርም። የፒስተኑ ቀለበት ያረጀ ከሆነማ ብዙ ነው። ከውሃ ማጣሪያው ቀጥሎ ረቂቅ የዘይት ማጣሪያ ብትጨምር ጥሩ ነው። ለማረጋገጥ ደግሞ ንጹሕ መስታወት ፊት አየሩን ለአንድ ደቂቃ ንፋበት፣ ከዚያ በጣትህ ዳሰው። ከረጠበ ውሃ አለ። ካሙለጨለጨ ዘይት ነው።

እኔማ_ልቁጠር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡40

የሮቶው ምሳሌ አሪፍ ነው፣ ግን ትንሽ ላርመው። ሰው የሚፈራው የታንከሩን መጠን ሳይሆን ግፊቱን ነው። 300 ሊትርም 24 ሊትርም ሆነ፣ 8 ባር ያው 8 ባር ነው። ሬጉሌተሩ እስከሠራ ድረስ ኤርብረሹ የሚያየው ያንተን 1 ባር ተኩል ብቻ ነው። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ አንዳንዱ ወረቀት በዚያ ይጽፋልና እንዳትደናገር።

የመጠኑ ጥቅም ሌላ ጋ ነው። ኤርብረሽ በደቂቃ የሚበላው በግርድፉ 20 ሊትር አየር ቢሆን ነው። የመኪና ቀለም መርጫ ግን በመቶዎች ሊትር ይጠጣል። ታንከርህ 300 ሊትር ነው። ከ8 ወደ 2 ባር እስኪወርድ 6 ጊዜ 300፣ 1,800 ሊትር ይሰጥሃል። ለ20 ስታካፍለው 90 ደቂቃ ነው። ጣትህ ሁልጊዜ ማስፈንጠሪያው ላይ ስለማይሆን ከዚያም በላይ ይቆያል።

ይህ ምን ማለት መሰለህ? መብራት ሲጠፋ አንተ ትሠራለህ! ጠዋት መብራት እያለ ትሞላዋለህ። ጎረቤት ሁሉ ጀነሬተር ሲያስነሳ አንተ በጸጥታ ትስላለህ። ብርሃን ብቻ ፈልግ።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስስ ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ታንከሩን ለመሙላት ካታሎጉ ከሚለው በላይ ይቆያል። ብዙ ሰው «ማሽኑ ደከመ» ብሎ መካኒክ ይጠራል። አልደከመም፣ ከፍታው ነው።

ሰፈር_መካኒክ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

እኔም ስንት ጊዜ ተጠርቻለሁ ለዚህ ነገር 😂 ቀለበት ቀይሬ የሄድኩበትም አለ። ይቅር በሉኝ።

የቨርጂንያው | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡20

እኔ ያለሁት አሌክሳንድሪያ ነው፣ የቨርጂንያው። ምድር ቤት ውስጥ ሞዴል አውሮፕላን እቀባለሁ። ስለ ጥርሱ ጉዳይ ማንም ስላልመለሰልህ እኔ ልግባበት።

አክስትህ ያመጣችልህ የአሜሪካ ዕቃ ነው። እዚህ የቧንቧ ጥርስ ኤንፒቲ የሚባለው ነው፤ እየሄደ የሚሾጥ። አገር ቤት ገበያ ላይ የምታገኘው በብዛት ቢኤስፒ የሚባለው የእንግሊዝ ጥርስ ነው። ሩብ ኢንቹን ብትወስድ፣ ኤንፒቲ በኢንች 18 ጥርስ አለው፣ ቢኤስፒ 19። ስትሞክረው ሁለት ዙር በደንብ ይገባና ይነክሳል። «ትንሽ ልጫነው» ያልክ ለታ ነሐሱን ትበላዋለህ። ከዚያ በቴፍሎን ብታለብሰውም ማፍሰሱን አይተውም።

የኤርብረሾች ጥርስ ደግሞ ለብቻው ዓለም ነው። የጃፓኑ ኢዋታና የጀርመኑ ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ የኢንች አንድ ስምንተኛ ቢኤስፒ ይጠቀማሉ። ብዙዎቹ የቻይና ቅጂዎችም እንደዚያው ናቸው። ባጀርና ፓሽ ግን የየራሳቸው አላቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ የብሩሹን ስም አንብብ። የኢዋታ ዓይነት ከሆነ ዕድለኛ ነህ። አንድ ጫፉ የኢንች አንድ ስምንተኛ፣ ሌላው ሩብ ኢንች የሆነ ማቀያየሪያ ይበቃሃል።

ስትገዛ ኤርብረሹን ራሱን ይዘህ ሂድ። በስልክ ፎቶ እንዳትታመን። በእጅህ እስከ መጨረሻው የሚሽከረከር ከሆነ ያ ነው። በቁልፍ ካልሆነ እንቢ ካለ አይደለም።

ቴፍሎኑን የምትጠመጥመው ትልልቁ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተወው፤ ቁራጩ ተቀዶ ከገባ የብሩሹ 0.3 ሚሊ ሜትር አፍ ውስጥ ይቀረቀራል። ኤርብረሹ ጋ የሚገባው ጫፍ የራሱ የጎማ ቀለበት አለው። እዚያ ቴፍሎን አያስፈልግም። ሲያልቅ የሳሙና አረፋ ቀባበት። አረፋ ከነፋ ያፈስሳል።

ሄልሜት_ቀቢ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

ቱቦው ላይ የተጻፈው የኢንች አንድ ስምንተኛ ነው። ተመስገን! ነገ መርካቶ እወርዳለሁ። ሶማሌ ተራም ተክለ ሃይማኖትም እዞራለሁ።

ኬክ_በቤቴ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ይቅርታ በሰው ጥያቄ መሀል ገባሁ። እኔ ቤት ውስጥ ኬክ እሠራለሁ፤ የልደትና የሠርግ። ለኬክ ቀለም የሚሆን ኤርብረሽ አለኝ። ወንድሜ ጎሚስታ አለው፣ ኮምፕሬሰሩም ትልቅ ነው። እላይ ያላችሁትን ማጣሪያ ሁሉ ባደርግ ለኬክ ይሆናል?

ስቱኮ_በእጄ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡44

አይሆንም እህቴ። ለብረት የምለው ሌላ፣ ለሚበላ ሌላ። የጎሚስታ ታንከር ሥር ያለውን መፍሰሻ ወንድምሽ ሲከፍተው አንድ ቀን ቆመሽ እዪ። ጠላ የመሰለ ውሃ ነው የሚወጣው፤ ዝገትና ዘይት። ማጣሪያ ብዙውን ይይዛል። ግን ለሠርግ ኬክ «ብዙውን» አይባልም። ላንቺ ዘይት የማይነካት ትንሿ ኮምፕሬሰር ናት የምትሆነው። የኬክ ሥራ ግፊቱም ዝቅ ያለ ነው፣ ትችልሻለች።

ኬክ_በቤቴ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

ውይ! በስንተኛው ደቂቃ ነው የተረፍኩት። አመሰግናለሁ።

ዱባይ_ጋራዥ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡05

የታንከሩ መፍሰሻ ከተነሳ አይቀር፣ ሁልጊዜ ማታ ክፈተው። እኛ ጋ ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ እርጥበቱ አይጣል ነው። በየሁለት ሰዓቱ ነው የማፈስሰው። አዲስ አበባም ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንደዚያው ይሆንባችኋል።

አንድ ርካሽ ዘዴ ልስጥህ። ከማጣሪያው በፊት ባለው መስመር ላይ ጥቂት ሜትር የመዳብ ቱቦ ጠምዝዘህ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ንከረው። አየሩ እዚያ ይበርዳል፣ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፣ ማጣሪያው ይይዘዋል። ጠምዛዛው ውሃ እንዳያቁር አየሩ ከላይ ገብቶ ወደ ማጣሪያው ቁልቁል ይውረድ።

አፍንጫህንም አትርሳ። የኮሮና ጊዜው የጨርቅ ጭንብል ለቲነር ሽታ ምንም አይሠራም። ከሰል ያለበት ባለ ሁለት ጉንጭ ጭንብል ግዛ። ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨውን ቀለም አልባ ማንጸባረቂያ) የምትረጭ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። ከውስጡ አይሶሳያኔት የሚባል አደገኛ ኬሚካል ይወጣል፤ አስም ያስይዛል፣ አንዴ ከያዘህ ደግሞ አይለቅህም። ክሊሩን ሙሉ መከላከያና አየር ማስወጫ ላለው ቀለም ቤት ስጠው፣ አንተ ሥዕሉን ሥራ። ኮምፕሬሰሩም ከምትረጭበት ክፍል ውጭ ይሁን። ሲነሳ የእሳት ብልጭታ አለው፣ የቲነር ጭስ ደግሞ ብልጭታ ነው የሚፈልገው።

ሄልሜት_ቀቢ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 9፡15

ተመልሻለሁ! ዝም ያልኩት ስለጠፋሁ አይደለም፣ እየሠራሁ ነበር።

ኩባያዋ አለች ጋሼ፣ ልክ እንዳሉት። ሁልጊዜ አያታለሁ፣ ምን እንደሆነች ግን ጠይቄ አላውቅም። ከእሷ በፊት ቲ አስገባሁ። 15 ሜትር አዲስ ቱቦ ገዛሁ። ቀይ ቴፑንም ጠመጠምኩ። ልጆቹ «የሙሽራዋ ቱቦ» ይሉታል አሁን።

የባልዲው ነገር አጎቴን አስቆታል። «አየር ደግሞ ይታጠባል እንዴ?» ብሎ ሰው ጠርቶ አሳየብኝ። ማታ የማጣሪያውን ኩባያ ከፍቼ ሩብ ብርጭቆ የሚሆን ውሃ ሳፈስስ ዝም አለ። በማግስቱ ለራሱ ቀለም ቀቢም እንዲህ ይሠራለት አለ።

መስታወቱ ላይ ሞከርኩ። ደረቅ! ሄልሜቱም ላይ አንድ ዓሣ ዓይን አልወጣም።

ግን አንድ ያልገባኝ አለ። ጌጁን 1.5 ላይ አደርገዋለሁ፤ ማስፈንጠሪያውን ስጫን ወደ 1.1 ይወርዳል። ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ነው?

እኔማ_ልቁጠር | እሑድ፣ ቀን 9፡40

አልተበላሸም። አየር ቆሞ ሳለ የምታነበውና እየፈሰሰ የምታነበው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥራህን የሚመለከተው እየፈሰሰ ያለው ነው። ማስፈንጠሪያውን ወደ ታች ተጭነህ፣ አየሩ እየወጣ፣ በሌላኛው እጅህ ሬጉሌተሩን አስተካክል። 1.5 ከፈለግክ ያኔ 1.5 ይሁን።

ሥራ ስትጀምር ደግሞ ሁልጊዜ ትንሹን ሬጉሌተር እስከ ዜሮ ፍታው። ከዚያ ዋናውን መዝጊያ ቀስ ብለህ ክፈት፣ ከዚያ ግፊቱን ከታች ወደ ላይ አምጣ።

ስቱኮ_በእጄ | እሑድ፣ ማታ 12፡30

ጎበዝ ልጅ። አጎትህን ሰላም በልልኝ።

ግፊቱን ከቀለሙ ጋር አብረህ ነው የምታየው። ቀለምህ ወተት እስኪመስል ይቅጠን። ከዚያ የሳሳ ከሆነ ግፊቱን ዝቅ አድርግ። ሳትቀንስ ብትቀርብ እንደ ሸረሪት እግር ይበተንብሃል። በጣም ከፍ ካደረግከው ደግሞ ቀለሙ አየር ላይ ይደርቅና አሸዋ ይሆናል። በእጅህ ዳሰው፣ ከሻከረ ግፊቱ በዝቷል ወይም ርቀሃል።

ሰፈር_መካኒክ | እሑድ፣ ማታ 1፡10

እኔ ተው ይቅርብህ ያልኩት ሰውዬ ነኝ። ባጃጅ አለኝ። የኋላ ሸራው ላይ ሳይሆን የፊት ብረቱ ላይ አንበሳ ብትሥልልኝ ስንት ትለኛለህ?

ሄልሜት_ቀቢ | እሑድ፣ ማታ 1፡18

ለእርስዎማ የቀለሙን ብቻ ይችላሉ 😂 ችግሩ አንበሳ ሥዬ አላውቅም። እስካሁን የሠራሁት እሳትና ክንፍ ነው። ጋሼ ስቱኮ፣ ጎፈሩን በምን ያህል ባር ልጀምረው?

ስቱኮ_በእጄ | እሑድ፣ ማታ 1፡25

1 ባር። ቀለሙን በደንብ አቅጥነው፣ ብሩሹንም እስከ ሁለት ጣት ያህል አስጠጋው። መጀመሪያ ግን አሮጌ የመኪና በር ላይ ሀምሳ ጎፈር ሥራ። የሰውዬው ባጃጅ የትም አይሄድም።

ሰፈር_መካኒክ | እሑድ፣ ማታ 1፡27

እንዴ፣ ማታ ማታ እሠራበታለሁ እኮ!